ሥራህን ጨርሰህ ና

ከቢላቴ ዳር፣ ዱጉና ፋንጎ ቆላ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጄሪ፣

እንደምን ነሽ? እኔ አለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። ካሁን በኋላ «ደህና ነን» የሚለውን ቃል በደብዳቤ ባንጻጻፍ ደስ ይለኛል። አንቺም «አለሁ» በይኝ፤ ይበቃኛል።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። እበላለሁ። ሳሚ ማክሰኞ ማክሰኞ በቢሮው ፒክአፕ ውሃውንም ዳቦውንም ያደርስልናል። እግሬ ድኗል። የሥራ ሰፈራችን ኔትወርክ እንደሌለው ታውቂያለሽ። ኮረብታው ላይ እንዳለም ታውቂያለሽ፤ የከፍታ ምልክቱን እዚያ የተከልኩት እኔው ነኝና ልዋሽሽ አልችልም። ሁለት ጊዜ ወጥቼ ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ። ደውዬ ዝም እንዳልል ፈርቼ ወረድኩ።

የልጃችን የሐዘኗ አርባ ቀን በወጣ ማግስት ተነስቼ መምጣቴ ልክ አልነበረም። ይቅርታ። እናትሽ ምን እንዳሉ ሳሚ ነግሮኛል፤ አልተሳሳቱም። ቤት ውስጥ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ነው። እዚህ ግን አውቃለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እነሳለሁ፣ ጂፒኤሱን እሸከማለሁ፣ ፀሐዩ እስኪበረታ እለካለሁ፣ ከዚያ ግራር ሥር እጋደማለሁ። ከሰዓት ደግሞ እንደገና። ከብቶቹ በአጠገቤ ያልፋሉ። አቧራው ይነሳል፣ ይወርዳል። ሰው የሚጠይቀኝ «ምን እየለካህ ነው?» ብቻ ነው፤ ለእሱ መልስ አለኝ።

ወንዝ ቁጥር 14ን እንደገና ለክቼዋለሁ። ያ ኅዳር ላይ በስም መዝገቡ «ሃቲ ባዋ» ብዬ ጽፌ የላክሁልሽ፣ ቢሮ ሙሉ ሰው እስኪሰማ የሳቅሽበት። ከብት ጠባቂዎቹን «የዚህ ወንዝ ስሙ ማን ነው?» ስላቸው «ውሃ የለም» ነበር ያሉኝ፤ እኔ ደግሞ ስም መስሎኝ በትልቁ ጻፍኩት። አባቴ ከጉራጌ መጥቶ ሠላሳ ዓመት በወላይትኛ ነግዷል፤ ልጁ ሶዶ ተወልዶ «ውሃ የለም» የሚባል ወንዝ ፈጠረ። ያን ጊዜ ስትስቂ እኔም ስቄ ነበር።

ወንዙ አሁንም ስም የለውም። ጋሽ ኤርካሎ፣ መንገድ የሚያሳየን ሽማግሌ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጎርፍ በአንድ ቀን የቀደደው ነው ይላል። በድሮው ካርታ ላይ የሌለውም ለዚህ ነው። ነጥቦቹን በሳሚ ልኬልሻለሁ።

አልጋዋን ምን አደረግሽው?

ሚናስ


ወላይታ ሶዶ
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚናስ፣

አለሁ።

አልጋው እዚያው ነው። እናቴ የታጠበ ልብስ ልታስቀምጥበት ስትል «እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩባት፤ ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኋት። በሩን ዘግቼ አልፈዋለሁ። ሌላ የምነግርህ ነገር የለኝም፤ ዝናቡ ገና ነው፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ከቤተ ክርስቲያን እሁድ እሁድ ሰዎች መጥተው ይጸልዩልኛል። ሻይ አፈላላቸዋለሁ። እንደ እንግዳ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ አደምጣለሁ።

ቢሮ ገብቻለሁ። ጠዋት ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፤ አንተ የላክሃቸው ነጥቦች ይመጣሉ፣ የከፍታ ኮንቱሮቹን እስላለሁ። ቁጥር 14 ላይ ሁለት ኮንቱሮች ተቆራርጠውብኛል። እንደሱ ሊሆን እንደማይችል አንተም ታውቃለህ፤ አንድ ቦታ ሁለት ከፍታ አይኖረውም። በጥር የለካኸውና በየካቲት የለካኸው በሦስት ሜትር ይለያያሉ። የትኛውን ልያዝ?

ሳሚ ቀና ብሎ አያየኝም። ደብዳቤህን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ይወጣል። እሱን የሚቆጣው ሰው የለም። ይህን ንገረው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ኃላፊያችን ወይዘሮ አገርነሽ ሐሙስ ጠርታኝ ምን አለችኝ መሰለህ? «ሚናስ የሁምቦውን ሥራ ጠይቋል፤ ከዚያ ሳይመለስ በቀጥታ ይሻገራል፣ ስምንት ወር ነው፤ አንቺ ተስማምተሻል አይደል?» አዎ አልኳት። ምን ልበላት? ባለቤቴ ከቤት መውጣቱን ከአንቺ ነው የምሰማው ልበላት?

አልከለክልህም። ግን አንተም እወቀው፤ ሁምቦ ከሄድክ እኔ ወደ ገሱባ እንድዛወር እጠይቃለሁ። ማስፈራሪያ አይደለም፤ ማስፈራራት እንኳን አቅም ይጠይቃል። በዚህ ቤት ብቻዬን መቀመጥ አልቻልኩም። ቤቱን ለአከራዩ እንመልስለታለን፣ ዕቃውን እንካፈላለን፣ እንዲሁ ያልቃል። ወይዘሮ አገርነሽ መልስህን የምትፈልገው እስከ ግንቦት 15 ነው።

ጄሪ


ከቢላቴ ዳር
መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጄሪ፣

አለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ደብዳቤ ያልላክሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም። ጽፌ ቀደድኩት።

ሁምቦን የጠየቅሁት የካቲት ላይ፣ ወደዚህ ልመለስ ስል ነው። ከእኔ ሳትሰሚ ከወይዘሮ አገርነሽ እንድትሰሚው አልፈለግሁም ነበር። ልነግርሽ እያልኩ ቀን አለፈ፣ ከዚያ ሌላ ቀን አለፈ። ይህ ሰበብ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ገሱባ የጻፍሽውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ልቤ ደንግጦ እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። ምንም አላገኘሁም። ደንዝዣለሁ ጄሪ፤ እግር ተጣጥፎ ሲቆይ እንደሚሆነው። ያንቺም እንዲህ ነው?

የየካቲቱን ልኬት ያዢ። የጥር ወሩ ስህተት ነው።

ቁጥር 14 ቅዳሜ ከሰዓት ፈሰሰ። እዚህ ጠብ ያለ ዝናብ የለም፤ የዘነበው ከላይ፣ ዱጉና ተራራ ላይ ነው። ጋሽ ኤርካሎ ከተቀመጠበት ተነስቶ «ድምፅ አለው» አለ። እኔ ምንም አልሰማሁም። የመሣሪያ ተሸካሚዎቹ ወደ ከብቶቹ እየሮጡ ሲጮሁ ሰማሁ፤ ከታች ያሉት ደግሞ ተቀብለው ጮሁ። ሃምሳ የሚሆን ከብት ከአሸዋው ላይ አወጡ። ከዚያ ቡናማ ውሃ ቅርንጫፍና ኩበት ገፍቶ መጣ። ያን የደረቀ አሸዋ ስንት ጊዜ ተኝቼበታለሁ። ጥልቀቱን በዘንግ ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከሰባ። ፎቶ አነሳሁ። በማግስቱ ጠዋት አሸዋው እርጥብ ነበር እንጂ ውሃ የለም። ሰዎቹ አሸዋውን ቆፍረው ከብት አጠጡ።

የከብት ማጠጫ ገንዳው የሚሠራው በእኛ ካርታ ነው አይደል? መሐንዲሶቹ ቦታ ሳይመርጡ በፊት ይህ ወንዝ ካርታው ላይ ይግባ። በተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር ሳዪው፤ በዓመት አሥር ቀን ቢፈስ ነው።

ስሞቹን ሊያረጋግጥ የሚመጣው ማን ነው? እኔ ራሴ የሰበሰብኩትን እኔ አላረጋግጥም።

ሚናስ


ወላይታ ሶዶ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚናስ፣

ሰላምታ የለኝም።

የቢሮው ባልደረባችን ይልቃል ስሞቹን አረጋግጦ ከቆላ ተመለሰ። ቅጾቹን ጠረጴዛዬ ላይ ገልብጦ አስቀምጦ ወጣ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። ቁጥር 11፣ 12፣ 13። ከዚያ ቁጥር 14።

ባርኮት ይላል።

የቅጹን ደንብ ታውቃለህ፤ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ሦስት የአካባቢው ሰው ለየብቻው ይጠየቃል፣ ጠያቂው ስሙን ቀድሞ አይጠራም። ሦስቱም ባርኮት ብለዋል። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጎልማሳ፣ አንዲት ሴት። «ከመቼ ጀምሮ?» በሚለው ሥር ሦስቱም «ዘንድሮ» ብለዋል።

ማን ፈቀደልህ? የልጄን ስም ለአሸዋ ስትሰጥ ማንን ጠየቅህ? ለቀብሯ ያልደረስክ ሰው ስሟን ለከብት ውሃ ታወጣለህ? እኔ እዚህ በሯን ዘግቼ ስሟን ሳልጠራ ሦስት ወር ኖሬያለሁ፤ ሰው ሁሉ እንዳይጠራብኝ ለምኜያለሁ። አንተ ለማላውቀው ሰው ሁሉ አደልከው።

ይህን የጻፍኩትን አልሰርዘውም። እንዲያምህ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ካርታው ለኅትመት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ግንቦት 20 ነው። የስሞቹ ፊርማ የእኔ ነው። መልስህን እፈልጋለሁ፤ ስለ ልኬት እንዳትጽፍልኝ።

ኢየሩሳሌም


ከቢላቴ ዳር
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጄሪ፣

ልክ ነሽ። ስለ ልኬት አልጽፍም። አንድ ጊዜ ብቻ ግን ልነካው፣ ካለዚያ አይገባሽም።

ጥር 13 ሳሚ ደብዳቤሽን ይዞ ሲመጣ ቁጥር 14 አሸዋ ላይ ቆሜ ነበር። «ባርኮት ትንሽ አሟታል። ብዙ አትጨነቅ። ሥራህን ጨርሰህ ና።» ደብዳቤው አሁንም ደብተሬ ውስጥ አለ። ሳሚ «አብረን ብንሄድ አይሻልም?» አለኝ። ሁለት ጊዜ አለኝ። ፊቱን አላየሁትም፤ መሣሪያው ውስጥ ነበር ዓይኔ። «ጨርሰህ ና ብላለች እኮ» አልኩት። መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ከዚያ ወንዙን ተከትዬ ወደ ታች ወርጄ ሁለት ቀን ለካሁ። ደስ ብሎኝ ነበር የለካሁት ጄሪ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ቶሎ ልጨርስና ልሂድላት ብዬ እያፏጨሁ ለካሁ። ልኬቱ ሦስት ሜትር የተሳሳተው በዚያ ችኮላ ነው። ዓርብ በእግሬ ወጥቼ ቢጠና ከተማ ላይ ሸንኮራ ገዛሁላት፤ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ። አውቶቡስ ላይ ሰዎቹ ተሳስቀውብኝ ነበር። ሶዶ፣ ሰፈራችን ስደርስ ድንኳን አየሁ። የጎረቤት መሰለኝና አንዱን «ማን ሞቶ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሸንኮራውን ከእጄ የተቀበለኝ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስም አላወጣሁለትም። የካቲት ላይ ስመለስ ደብተሩን ገለጥኩ፤ ከቁጥር 14 ፊት ለፊት «ሃቲ ባዋ»ን ከሰረዝኩ ወዲህ የስሙ ቦታ ባዶ ነበር። ያ ደብዳቤ የደረሰኝ የትኛው ወንዝ ጋ እንደሆነ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ባርኮት ብዬ ጻፍኩበት። ለራሴ ነው። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ለመሣሪያ ተሸካሚዎቹ «ዛሬ ባርኮት ጋ ነን» እላቸው ጀመር። አስቤ አይደለም። ጋሽ ኤርካሎ «ምን ማለት ነው?» አለኝ። «የልጄ ስም ነው» አልኩት። «የት ናት?» አለኝ። «ሶዶ» አልኩት። ውሸት አይደለም።

ያን ቅዳሜ ወንዙ ሲመጣ ሲጮሁ ሰማሁ ብዬሽ ነበር፤ ምን ብለው እንደጮሁ አልነገርኩሽም። «ባርኮት መጣ! ባርኮት መጣ!» ነው ያሉት። ከታች ያሉት ሰዎች ሰምተው ከብታቸውን አወጡ። አንድ ጥጃ እንኳን አልሄደም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም እንደዚያ ይሉታል፤ አቁሙ ብዬ ማንን ልለምን?

ሰርዢው። ቁጥር 14 ተብሎ ይታተም፤ አልቀየምሽም። ይቅርታ የምልሽ ግን ስለ ወንዙ አይደለም። ስለ ሁለቱ ቀን ነው።

ለወይዘሮ አገርነሽ ገና አልመለስኩላትም።

ሚናስ


ወላይታ ሶዶ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚናስ፣

አለሁ። አንተስ?

ባለፈው ማክሰኞ ሳሚን ባዶ እጁን የላክሁት የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። አሁን አንድ የማታውቀውን ነገር ልንገርህ፤ ከዚያ እንደፈለግህ ፍረድ።

ያን ደብዳቤ ስጽፍ ቤቱ ሽማግሌ ሞልቶት ነበር። የእናቴ ወንድም ወረቀቱን አስያዘኝና «መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ትንሽ አሟታል በዪ» አለኝ። ጻፍኩ። ሐሳባቸው ሳሚ ይዞህ እንዲመጣ፣ ቢጠና ላይ ሁለት ሰዎች ጠብቀው፣ አስቀምጠው እንዲያረዱህ ነበር። ሰዎቹ ቢጠና ላይ ቆመው ውለዋል። በማግስቱም የሥራ ሰፈራችሁ ድረስ ሄደዋል፤ ወደ ታች ወርዷል ተብለው ተመለሱ።

«ትንሽ አሟታል» የእነሱ ነው። «ሥራህን ጨርሰህ ና» ግን የእኔ ነው። ማንም በዪ አላለኝም። ቶሎ ና ብልህ ወዲያው ትጠረጥራለህ፣ ሳሚንም ሳትጠብቅ በዚያ ቆላ ብቻህን ትሮጣለህ ብዬ ፈራሁ። ቀላል ነገር እንዲመስልህ ብዬ ከታች ጨመርኳት። ሦስት ቃል። ሳሚ ብቻውን ሲመለስ በመስኮት አየሁት፤ ሬሳው ሊወጣ ሰዎች ተነስተው ነበር። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ።

አራት ወር ሙሉ የተቆጣሁህ ራሴ የጻፍኩትን ስላመንክ ነው። ሌላ ጥፋት የለብህም። እኔ ነኝ ያስቀረሁህ፣ ሚናስ። ይህን ስጽፍ አለቀስኩ፤ ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ይልቃልን «ስሙን ቀድመህ ጠርተህላቸው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ኧረ አልጠራሁም! ሽማግሌው ሲለኝ የተሳሳትኩ መሰለኝ፣ ሁለተኛው ሲለኝ ደግሜ ጠየቅሁት፣ ሴትየዋ ስትለኝ ብዕሬን አስቀመጥኩ» አለኝ። ከቅጹ ግርጌ፣ «ተጨማሪ ማብራሪያ» በሚለው ቦታ፣ ሴትየዋ ያለችውን እንዳለ ጽፎታል፤ «ባርኮት መጣ ሲባል ከብት እናወጣለን።» መጣ ነው ያለችው፤ ስለ ወንዙ እንጂ ስለ ልጄ አታውቅም። ብዙ ጊዜ አነበብኩት። «ባርኮት» እና «መጣ» አንድ ላይ ተጽፈው ማየት ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ መጻፌ ራሱ ገረመኝ።

ዘንድሮ የወጣ ስም አይጸድቅም የሚል ቃል መመሪያው ውስጥ ፈለግሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የለም። ፈርሜያለሁ። በተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር ሳልኩት። አራቱን ፊደል እያራራቅሁ በወንዙ መታጠፊያ ልክ አስቀመጥኳቸው፤ ባ ከተራራው ሥር ነው፣ ት ቢላቴ ጋ ደርሷል። ዛሬ ደግሞ በሯን ከፈትኩት። አቧራ ብቻ ነው ያለው። አልጋውን ብቻዬን ማውጣት አልፈልግም።

የገሱባውን ማመልከቻ ጽፌዋለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ አላስገባሁትም። እስከ ግንቦት 15 አራት ቀን ይቀራል።

ያኔ ልጽፍልህ የሚገባኝን አሁን ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ቀኑን የያኔውን አድርጌዋለሁ። አሮጌውን ደብዳቤ አውጣና ይህን በቦታው አስቀምጥ።

ጄሪ


ወላይታ ሶዶ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚናስ፣

ባርኮት ትናንት ሞተች። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እቅፌ ውስጥ። ትኩሳቱ አልወርድ አለን። አንተን ጠይቃኝ ነበር፤ ወንዝ ሊለካ ሄዷል አልኳት፣ «ትልቅ ነው?» አለችኝ።

ቀብሯ ዛሬ ነው። እስክትደርስ አስቆያቸዋለሁ። ሥራውን ተወው። ከሳሚ ጋር ና።

ጄሪ


ከኮረብታው ላይ፣ በስልክ የተላከ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 6፡40

ጄሪ፣ ደብዳቤሽ አሁን ደረሰኝ። ሁምቦ ይቅርብኝ ብዬ ለወይዘሮ አገርነሽ ደወልኩላት። ሳሚ ከታች ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው። ሥራዬን አልጨረስኩም። መጣሁ።